የንጹህ ውሃ ዘንግ በውሃ እጥረት ወቅት፦ ከሁለት በጋ ሥራ በኋላ

መስኮት በማጽዳት ሥራ የሚተዳደር ሰው በጋ ሲገባ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ይገጥመዋል። አቧራው መስታወቱን ሁሉ ስለሚሸፍነው የደንበኛው ጥሪ ይበዛል፤ በዚያው ሳምንት ደግሞ ቧንቧው መጥፋት ይጀምራል። እኔና ሦስት የሥራ ባልደረቦቼ ከዚህ አጣብቂኝ ያወጣናል ብለን የገዛነው፣ እኛ «የንጹህ ውሃ ዘንግ» የምንለው ዕቃ፣ ውሃን አጣርቶ በረጅም ዘንግ ጫፍ ላይ ወዳለ ብሩሽ የሚልክ መሣሪያ ነው። ሁለት በጋ ሙሉ ስለሠራንበት፣ ሻጩ የነገረንና እኛ በጄሪካን ለክተን ያገኘነው ምን ያህል እንደሚራራቁ ለመጻፍ ጊዜው የደረሰ ይመስለኛል። የአምራቹን ስም አልጠቅስም፤ ከዚህ በታች የማነሣቸው አብዛኞቹ ችግሮች የአንድ ፋብሪካ ሳይሆኑ የአሠራሩ በመሆናቸው፣ ሌላ ምልክት የተለጠፈበትን የገዛም ሰው እነዚህኑ ያገኛቸዋል።

ስብስቡ በጋሪ ላይ የተገጠመ ማጣሪያ፣ በባትሪ የሚሠራ ትንሽ ፓምፕ፣ ረጅም ቀጭን ቱቦ፣ እየተመዘዘ እስከ ሦስተኛ ፎቅ የሚደርስ ዘንግ፣ እንዲሁም ሁለት የውሃ መርጫ ቀዳዳ ያለው ብሩሽ ነው። ማጣሪያው ራሱ በደረጃ የተከፋፈለ ነው። መጀመሪያ ደለሉን የሚይዝ ፊልትሮና ክሎሪኑን የሚመጥ የከሰል ፊልትሮ አሉ፤ ቀጥሎ ሪቨርስ ኦስሞሲስ የሚባለው፣ ውሃውን በግፊት እየገፋ በሜምብሬን (ውሃውን አሳልፎ ጨውን በሚያስቀር ስስ ሽፋን) የሚያሳልፈው ክፍል አለ፤ በመጨረሻም ከሜምብሬኑ ያመለጠውን ጥቂት ጨው የሚለቅም፣ ሬዚን በሚባሉ ደቃቅ ፍሬዎች የተሞላ ሲሊንደር ይገኛል። ከሰሉን እንደ ትርፍ ነገር ማየት አይገባም፤ ክሎሪን የዛሬዎቹን ሜምብሬኖች ቀስ በቀስ ስለሚበላቸው፣ ከሰሉን ሳይቀይር የቆየ ሰው ከስብስቡ ሁሉ ውድ የሆነውን ክፍል ያጣል።

የዚህ ሁሉ ድካም ዓላማ ግን ቀላል ነው። የቧንቧ ውሃ መስታወት ላይ ሲደርቅ የሚተነው ውሃው ብቻ ነው፤ በውስጡ ሟሙቶ የነበረው ካልሲየምና ማግኒዥየም እዚያው ይቀራል። አንዲት ጠብታ ፀሐይ ላይ ስትደርቅ ጠጋ ብሎ ያየ ሰው፣ መጀመሪያ ዳሯ ላይ እንደ ክር የቀጠነ ነጭ ቀለበት እንደሚወጣ፣ ከዚያም መሐሏ እንደሚደበዝዝ ያውቃል፤ ደንበኛ «ይህንማ አልነካችሁትም» ብሎ በጣቱ የሚያሳየው ያንን ቀለበት ነው። ጨው የሌለበት ውሃ ግን የሚያስቀረው ነገር ስለሌለ፣ ብሩሹ ካሻሸውና ካለቀለቀው በኋላ ሳይወለወል ቢደርቅ ምልክት አይተውም። በውሃው ውስጥ የሟሟውን ነገር የምንለካው በቲዲኤስ መለኪያ ሲሆን፣ የሚያሳየው ቁጥር ፒፒኤም ይባላል፤ 1 ፒፒኤም ማለት በ1 ሊትር ውሃ ውስጥ 1 ሚሊግራም ገደማ ማለት ነው። በሥራው የተለመደው ገደብ 10 ነው፤ ቁጥሩ ከዚያ ካለፈ እኛም ሥራውን አቁመን ሬዚኑን እንመለከታለን።

እስከዚህ ድረስ ዕቃው የተባለለትን ያደርጋል፤ በጽዳቱ ጥራት ላይ ቅሬታ የለኝም። ቅሬታዬ ውሃው ላይ ነው። ሻጩ መሣሪያውን ሲያስረክበን «ከባልዲ ይልቅ ይቆጥባል» ብሎን ነበር፤ እኛም ቱቦውን እንደ ክር ቀጥኖ ስላየነው አመንን። በመጀመሪያው ሳምንት ግን ከማጣሪያው ጎን በሁለተኛ ቱቦ ሳያቋርጥ የሚወርድ ውሃ አየንና ባልደረባዬ ጄሪካን ደቀነበት። ሪቨርስ ኦስሞሲስ የገባለትን ውሃ ሁሉ አያጣራም፤ ከፊሉ ጨውን ከሜምብሬኑ ፊት አጥቦ ለመውሰድ ይጣላል። ይህ ብልሽት ሳይሆን የአሠራሩ ግዴታ ነው፤ ውሃው ካልተጣለ ጨው በሜምብሬኑ ላይ ይጋገርና ይደፍነዋል። እኛ 100 ሊትር አስገብተን 40 ሊትር ንጹህ ውሃ አገኘን፣ 60 ሊትር ተጣለ። እንዲህ ያሉ ትንንሽ ማጣሪያዎች ለአንድ ሊትር ንጹህ ውሃ ከአንድ እስከ ሦስት ሊትር መጣላቸው የተለመደ ስለሆነ፣ የእኛው ከክፉዎቹ አይቆጠርም። የሚያሳዝነው ይህን የሚናገር አንድ መስመር በመመሪያው ወረቀት ላይ አለመኖሩና ሻጩም ስንጠይቀው «እሱማ የታወቀ ነው» ብሎ ማለፉ ነው።

በእጥረት ወቅት ደግሞ ሒሳቡ ይከፋል። ሜምብሬን በደንብ የሚሠራው በቂ ግፊት ሲያገኝ ሲሆን፣ ቧንቧው ለሁሉም ሳይዳረስ ሲቀርና ውሃው እንደ ክር ሲቀጥን ግፊቱ ይወርዳል፤ የሚጣራው እያነሰ የሚጣለው ድርሻ ይበዛል። የቧንቧው መስመር በተዳከመባቸው ቀናት ከ100 ሊትር 28 ሊትር ብቻ ያገኘንበት ጊዜ ነበር። ግፊት የሚጨምር ተጨማሪ ፓምፕ ካስገጠምን ወዲህ ወደ 40 ተመልሰናል፤ ይሁንና ፓምፑ ከስብስቡ ጋር የማይመጣ፣ ለብቻው የሚገዛ ዕቃ ነው። እንግዲህ ውሃ ለሚያጥርበት ወቅት የታሰበ የሚመስለው መሣሪያ፣ ውሃ ባጠረ መጠን የበለጠ ውሃ የሚጥል ሆኖ ተገኘ ማለት ነው።

ወደ ብሩሹ የሚደርሰውም ውሃ ቢሆን ጥቂት አይደለም። ፓምፑን ዝቅ አድርገን ስንሠራ በደቂቃ አንድ ሊትር ተኩል ያህል ይወጣል። ባለ አንድ ፎቅ ቤት ዙሪያውን ለመጨረስ ውሃው አንድ ሰዓት ከፈሰሰ 90 ሊትር ንጹህ ውሃ ያልቃል፤ ይህን ለማግኘት ከቧንቧው የተቀዳው ግን 225 ሊትር ነው። ቁጥሩን ከሌላ ነገር ጋር ማነጻጸር ለሚፈልግ አንድ የታወቀ ምሳሌ ልጥቀስ፤ የደቡብ አፍሪካዋ ኬፕታውን እ.ኤ.አ. በ2018 ድርቁ በጠናባት ጊዜ ለአንድ ነዋሪ በቀን የፈቀደችው 50 ሊትር ነበር። በእኛ ማጣሪያ 50 ሊትር ቢገባ 20 ሊትር ይወጣል፤ 20 ሊትር ደግሞ ብሩሹን ከ13 ደቂቃ ብዙም አያሠራውም።

ከዚህ ውስጥ በከንቱ የሚፈስሰው ድርሻ የተገለጠልኝ አንድ ቀን ሠራተኛውን ከኋላው እየተከተልኩ በሰዓት ስይዘው ነው። ከመስኮት ወደ መስኮት ሲራመድ፣ ቱቦው ሲጠላለፍበት ሲፈታ፣ ዘንጉን ሲያሳጥርና ሲያስረዝም ብሩሹ ውሃ መርጨቱን አያቆምም፤ ፓምፑ ያለው ጋሪው ላይ ነውና ሄዶ ካላጠፋው በቀር ማቆሚያ የለውም። ከአንዱ ሰዓት ውስጥ ሃያ ደቂቃው ግድግዳና መሬት ማጠጣት ነበር። በዘንጉ እጀታ አጠገብ ትንሽ መዝጊያ ቧንቧ ካስገባን በኋላ ያው ቤት ከ90 ወደ 60 ሊትር ወረደ። ይህች መዝጊያ ከስብስቡ ዕቃዎች ሁሉ ርካሿና አስፈላጊዋ ሆና ሳለ አለመካተቷን እስካሁን ይቅር ማለት አልቻልኩም። ለመግዛት የወሰነ ሰው ቢኖር ዕቃውን ከመረከቡ በፊት መዝጊያዋን ይጠይቅ።

የሰውም ዓይን አለ። በመጀመሪያው በጋ አንድ ግቢ ውስጥ ስንሠራ፣ ከጎረቤት ያሉ አሮጊት በአጥር በኩል ለረጅም ጊዜ ሲመለከቱን ቆዩና ጠሩኝ።

«ልጄ፣ እኔ የምጠጣውን በጄሪካን አስቀድቼ ነው የምኖረው፤ አንተ ግድግዳ ላይ ታፈስሰዋለህ?»

«እማማ፣ ውሃው የዚህ ሰፈር አይደለም፤ ከራሳችን መኪና ነው የሚመጣው» አልኳቸው።

«የማንም ይሁን» አሉኝ፤ «መሬት ገብቷል።»

መልስ አልነበረኝም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቧንቧ በፈረቃ በሚለቀቅበት ሰፈር ዘንጉን ከመኪና አላወርደውም፤ ባልዲና ባለ ጎማውን መጥረጊያ ይዤ እገባለሁ።

ባልዲው ወደ ሥራችን የተመለሰው በይሉኝታ ብቻ ግን አይደለም፤ በውሃ ሒሳብም ያሸንፋል። ዛሬ በየቦታው የምናየውን ባለ አንድ ጎማ የናስ መጥረጊያ ኢቶሬ ስቴኮኔ የተባለ ከጣሊያን የሄደ መስኮት አጽጂ እ.ኤ.አ. በ1936 አሜሪካ ውስጥ አወጣው፤ ከእሱ በፊት የነበረው ሁለት ጎማ የተገጠመበት፣ ጎማውን ለመቀየር 12 ብሎን መፍታት የሚያስፈልገው ከባድ ብረት ነበር። ከዚያ ወዲህ መሠረቱ አልተለወጠም፤ መለወጥም ያለበት አይመስለኝም። ባልዲ ውስጥ 8 ሊትር ውሃ ይደረጋል፣ ጥቂት ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ይገባበታል፣ ማርጠቢያው ተነክሮ እንዳያንጠባጥብ ይጨመቃል፣ መስታወቱ ይታሻል፣ ከዚያም ጎማው ከላይ ወደ ታች ወይም ከግራ ወደ ቀኝ ሳይነሣ ውሃውን ጠርጎ ያወርደዋል። በ225 ሊትር ይጠናቀቅ የነበረው ቤት በሁለት ባልዲ ይጠናቀቃል።

ዋናው ነጥብም እዚህ ላይ ነው። ባለ ጎማው መጥረጊያ ውሃው ከመድረቁ በፊት ከመስታወቱ ላይ ያነሣዋል፤ ውሃው ከሄደ ጨውም አብሮ ስለሚሄድ፣ የውሃው ቲዲኤስ 50 ሆነ 600 ለውጤቱ እምብዛም ልዩነት አያመጣም። ንጹህ ውሃ የሚያስፈልገው ውሃን መስታወት ላይ ትቶ የሚሄድ አሠራር ብቻ ነው። ይህን ነገር ከመግዛቴ በፊት ቁጭ ብዬ አስቤው ቢሆን፣ ለመሬት ቤትና ለአንደኛ ፎቅ ሥራ ሙሉውን ስብስብ አልገዛም ነበር። ጎማው የሚፈልገው ጥሩ ውሃ ሳይሆን ጥሩ ጠርዝ ነው፤ ጠርዙ ሲጎረድ መስታወቱ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ የውሃ መስመር መተው ይጀምራል፤ ያኔ ጎማውን ገልብጦ በሌላው ጠርዝ መሥራት፣ ሁለቱም ሲያልቁ መቀየር ነው። በሙቀት ወቅት ደግሞ ጠንከር ያለው ጎማ ይሻላል፤ ለስላሳው ከልክ በላይ ይለሰልሳል።

ባልዲ ላይ ውሃ የሚቆጥብ አንድ ልማድ አለን። ሁለት ባልዲ እንይዛለን፤ አንደኛው ሳሙና ያለበት ሲሆን፣ ሁለተኛው ቆሻሻውን ማርጠቢያ ብቻ የምናለቀልቅበት ነው። ማርጠቢያው መስታወት ነክቶ ሲመለስ በቀጥታ ወደ ሳሙናው ከገባ፣ ሳሙናው ከአምስት መስኮት በኋላ ግራጫ ይሆንና ይደፋል። በመጀመሪያ ማለቅለቂያው ውስጥ ተነክሮ ከተጨመቀ ግን የሳሙናው ባልዲ ግማሽ ቀን ይቆያል። የማለቅለቂያው ባልዲ ውሃ ወለሉ መታየት ሲያቆም ይቀየራል፤ የተቀየረውም ውሃ ሌሊቱን ሲያድር አፈሩ ይዘቅጥና ከላዩ የቀረው ለመስኮት ደፍና ለበር ሥር መታጠቢያ ይበቃል።

በጋው ላይ ባልዲን የሚፈታተነው አቧራው ነው። አቧራ ስንል ውስጡ ደቃቅ የኳርትዝ አሸዋ አለ፤ ኳርትዝ በሞስ የጥንካሬ መለኪያ 7 ሲሆን ተራ መስታወት 5.5 ገደማ ስለሆነ፣ አቧራው መስታወቱን መቧጨር ይችላል። ውሃ ለመቆጠብ ሲባል ማርጠቢያው በጣም ተጨምቆ በወፍራም አቧራ ላይ ከታሸ፣ አሸዋው እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይሆናል። ፀሐይ ዝቅ ብላ ከጎን ስትመታው ብቻ የሚታይ ክብ ክብ ጭረት በአንድ ትልቅ መስታወት ላይ ትተን፣ መስታወቱን ከኪሳችን ቀይረናል። ስለዚህ አሁን ውሃ ከመንካታችን በፊት ለስላሳ ደረቅ ብሩሽ እንጠቀማለን፤ ከላይ ጀምረን ክፈፉንና መስታወቱን ሳንጫን እናራግፋለን፣ ደፉን በጨርቅ እንሰበስባለን። ይህ ደረቅ ሥራ በየመስኮቱ አንድ ደቂቃ ይወስዳል፤ የባልዲውን ውሃ ዕድሜ ግን በእጥፍ ያህል ያራዝመዋል። ለዘንጉም ቢሆን ያው ነው፤ በደረቁ ያልተራገፈ ክፈፍ ጭቃ እየሆነ ወደ ታች ስለሚወርድ ደግሞ ማለቅለቅ ይጠይቃል።

ወደ ዘንጉ ልመለስና ስለ ሬዚኑ ልናገር፤ ሻጮች ከውሃው ቀጥሎ የማይናገሩት ወጪ እሱ ነውና። ሬዚን እንደ ዓሣ ዕንቁላል የደቀቀች ቢጫማ ፍሬ ስትሆን፣ የውሃውን ጨው እየወሰደች በምትኩ የራሷን ሃይድሮጅንና ሃይድሮክሳይድ ትለቃለች፤ ሁለቱ ተዋሕደው ውሃ ይሆናሉ። የያዘችውን ለውጣ ስትጨርስ ታልቃለች። የምታልቅበት ጊዜ በሊትር ብዛት ሳይሆን በጨው ብዛት ይወሰናል፤ የውሃው ቲዲኤስ እጥፍ ሲሆን የሬዚኗ ዕድሜ በግማሽ ይቀንሳል። በእጥረት ወቅት የሚመጣው ጣጣ ከዚህ ይነሣል። ቧንቧው ሲጠፋ ውሃ ከቦቴ እንገዛለን፤ የቦቴው ውሃ ብዙ ጊዜ ከጉድጓድ ስለሚቀዳ ከቧንቧው ይልቅ ጨው ይበዛበታል። የቧንቧችን ውሃ 140 ፒፒኤም ነበር፤ የመጀመሪያው ቦቴ ሲገለበጥ መለኪያዬን ነክሬ 620 ሳነብ መለኪያው የተበላሸ መስሎኝ ጠርጌ ደግሜ ነከርኩት። እንደገና 620 ሆነ። በሪቨርስ ኦስሞሲሱ ሳያልፍ በቀጥታ ወደ ሬዚን የገባ እንደሆነ፣ ሦስት ወር ይበቃል የተባለው ሬዚን ሦስት ሳምንትም አይደርስ። ሬዚን ሲያረጅ መለኪያ ባይኖርም በአፍንጫ ይታወቃል፤ ውሃው የዓሣ ሽታ ያመጣል። ያን ጊዜ ግን መስታወት ላይ ነጭ ጠብታ ከታየ ቆይቷል።

ሪቨርስ ኦስሞሲስ ከሬዚን በፊት የሚገባው ለዚህ ነው፤ ከጨው 95 በመቶ ያህሉን እሱ ካስቀረው 620 ወደ 31 ስለሚወርድ ሬዚኑ ረጅም ጊዜ ይቆያል። ምርጫው እንግዲህ እንዲህ ይሆናል፤ ሬዚን ብቻውን ያለ ማጣሪያ አንዲት ጠብታ አይጥልም ነገር ግን ሬዚን ይበላል፤ ሪቨርስ ኦስሞሲስ ሬዚን ይቆጥባል ነገር ግን ውሃ ይጥላል። ውሃ በበዛበት ወቅት ሁለተኛው ያዋጣል። በእጥረት ወቅት ግን ተጣዩ ውሃ የሚሄድበት ቦታ ከሌለ ሪቨርስ ኦስሞሲሱን መክፈት ተገቢ አይመስለኝም።

ለተጣዩ ውሃ ቦታ ማግኘት ይቻላል። ቆሻሻ አይደለም፤ ከገባው ይልቅ ጨው የበዛበት ያው ውሃ ነው። ለምሳሌ 300 ፒፒኤም ገብቶ አርባው በመቶ ንጹህ ሆኖ ከወጣ፣ ተጣዩ ወደ 490 ፒፒኤም ይደርሳል። እኛ በተለየ ታንከር እየሰበሰብን ባልዲዎቹን የምንሞላው በእሱ ነው፤ ባለ ጎማ መጥረጊያ ለጨው ግድ የለውም ብያለሁና፣ የዘንጉ ትርፍ የባልዲው ቀለብ ሆነ። የቀረው ለማርጠቢያና ለጨርቅ ማጠቢያ፣ ለሽንት ቤት ማፍሰሻ ይውላል። ለአትክልት ደጋግሞ መስጠት ግን አይመከርም፤ በደረቅ ወቅት ዝናብ ስለማያጥበው ጨው አፈሩ ላይ ይከማቻል። ይህንን አሠራር የጀመርነው ከመጀመሪያው በጋ መጨረሻ ወዲህ ሲሆን፣ በእውነቱ ዕቃው ለመጀመሪያ ጊዜ ትርጉም የሰጠኝ ያኔ ነው።

ከሁሉ የተሻለው ግን የዝናብ ውሃ ነው። ከጣሪያ የተቀዳ የዝናብ ውሃ ቲዲኤሱ ብዙ ጊዜ ከ20 በታች ስለሆነ ያለ ሪቨርስ ኦስሞሲስ በቀጥታ ወደ ሬዚን ይገባል፣ የሚጣልም የለም፣ ሬዚኑም አይጎዳም። አንድ ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 1 ሚሊሜትር ዝናብ ሲወርድ 1 ሊትር ነው፤ 60 ካሬ ሜትር ጣሪያ በአንድ ባለ 10 ሚሊሜትር ዝናብ፣ የሚባክነው ሳይቆጠር፣ 600 ሊትር ይሰበስባል። የመጀመሪያው ዝናብ የጣሪያውን አቧራና የወፍ ኩስ ስለሚያወርድ ይለቀቃል፤ የቀጠለው ብርሃን በማያስገባ ታንከር ይዘጋል፣ ብርሃን ካገኘ አረንጓዴ አልጌ ያበቅላል። ለሁለተኛው በጋ የገባነው ዝናቡ ሳያልፍ የሞላናቸውን ሁለት ታንከሮች ይዘን ነበር፤ ለከፍታ ሥራ ብቻ ስለተጠቀምንበት አሥራ አንድ ሳምንት ቆየልን።

የሙቀቱም ነገር ሳይነሣ አይታለፍም። በቀትር ፀሐይ ያረፈበት መስታወት ሲነካ ያቃጥላል፤ የሳሙናው ውሃ ጎማው ሳይደርስበት ይደርቅና ዥንጉርጉር ይሆናል። አንድ ትልቅ ሕንፃ ላይ ሰዓቱ አልበቃ ብሎን ምዕራብ የዞረውን ገጽ ከቀትር በኋላ ሠርተን፣ በማግሥቱ ተጠርተን ሙሉውን ገጽ እንደገና አጥበናል። አንድን መስኮት ሁለት ጊዜ ማጠብን የሚያህል የውሃ ብክነት የለም። አሁን ጥላውን እየተከተልን እንሠራለን፤ ጠዋት ምዕራቡን፣ ከሰዓት በኋላ ምሥራቁን። ዘንጉ በዚህ በኩል ከባልዲ ትንሽ ይሻላል፣ ሳሙና ስለሌለበት ቢደርቅም አይዝረከረክምና። ነገር ግን ቀድሞ በሳሙና ይጸዳ የነበረ መስኮት በዘንግ ሲታጠብ፣ በክፈፉ ስንጥቅ የተጠራቀመው አሮጌ ሳሙናና አቧራ በመጀመሪያዎቹ አንድ ሁለት ጊዜ እየወረደ ነጥብ ይተዋል፤ ደንበኛው ይህን አስቀድሞ ካልተነገረው እንደገና መጠራት አይቀርም።

ስለ ዘንጉ አካል በአጭሩ፦ የእኛው የካርቦን ፋይበር ስለሆነ ቀላል ነው፣ ማያያዣዎቹም ከሁለት ዓመት በኋላ ይይዛሉ። ካርቦን ኤሌክትሪክ ያስተላልፋልና በሽቦ አጠገብ ፈጽሞ አይነሣም። መሰላል መውጣትን ማስቀረቱ ትልቁ ጥቅሙ ነው፤ ለሁለተኛና ለሦስተኛ ፎቅ ከውሃው ሒሳብ ይልቅ የሠራተኛዬን አንገት አስቀድማለሁ።

ስለዚህ ምክሬ ይለያያል። ሥራው በአብዛኛው የመሬት ቤትና የሱቅ መስታወት ለሆነ ሰው ይህ ስብስብ አያስፈልገውም፤ ሁለት ባልዲ፣ ጥሩ መጥረጊያ፣ ደረቅ ብሩሽና የጥላን አካሄድ ማወቅ ይበቃዋል። ፎቅ የሚበዛበት ሰው ዘንጉን፣ ብሩሹንና የሬዚኑን ሲሊንደር ነጥሎ ይግዛ፣ የእጅ መዝጊያዋን ይጨምርበት፣ ዝናብ ሲኖር ታንከር ይሙላ። ሪቨርስ ኦስሞሲሱን የምመክረው ጨው ከበዛበት ውሃ ሌላ አማራጭ ለሌለውና ተጣዩን ውሃ የሚቀበል ታንከር አስቀድሞ ላዘጋጀ ብቻ ነው። ነጥብ ስጥ ብባል ለዘንጉና ለብሩሹ ከአምስት አራት ተኩል፣ ለሬዚኑ አራት፣ ለሪቨርስ ኦስሞሲሱ በክረምት ሦስት፣ በበጋ አንድ እሰጣለሁ። ለመመሪያው ወረቀት ምንም።

በዚህ በጋ ሪቨርስ ኦስሞሲሱን ነቅለን መጋዘን ውስጥ አስቀምጠነዋል። እዚያም ቢሆን አላረፍንም፤ ሜምብሬን አንዴ ከረጠበ በኋላ ከደረቀ ስለሚበላሽ፣ የማንሠራበትን ዕቃ እርጥብ አድርገን ለማቆየት በየጊዜው ከባልዲያችን ቀንሰን ውሃ እናሳልፍበታለን።